ውኃ መጨመር ጥገና አይደለም፦ ብዙ የሠራ መኪና ሞተር ሲግል ምክንያቱን በቅደም ተከተል ስለ መመርመር

መግቢያ

በየአህጉረ ስብከቱ ለልማት አገልግሎት ከተመደቡት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪያቸው 300,000 አልፎ ሳለ ዛሬም ዘርና ችግኝ፣ ሲሚንቶና የውኃ ቧንቧ ጭነው ዳገት ይወጣሉ፤ ባለሙያዎችንና ካህናትን ወደ ገጠር አጥቢያዎች ያደርሳሉ። መኪና ማርጀቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሕመሙን በወቅቱ አለማወቅና ሳይመረምሩ ገንዘብ ማውጣት ነው።

ከመኪና ሕመሞች መካከል ደኅና የነበረ ሞተርን በአንድ ጉዞ ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ የሚችለው ከመጠን በላይ መጋል ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለመካኒኮች ሳይሆን ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለንብረት ክፍል ኃላፊዎችና የልማት ሥራውን ለሚመሩ አባቶች ነው። ቁልፍ የሚያነሣው መካኒኩ ቢሆንም ወጪውን የሚያጸድቀው ጉባኤው ነው። ስለዚህ ጉባኤው ሞተር ለምን እንደሚግል፣ ምርመራው ከየት እንደሚጀምርና መካኒኩን ምን መጠየቅ እንደሚገባው ሊያውቅ ይገባል።

ከሁለት መኪናዎች የተማርነው

የተከታተልናቸውን ሁለት መኪናዎች በምሳሌነት እናቅርብ። የመጀመሪያው ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነው። በሜዳ መንገድ ምንም ችግር አልነበረበትም። ከደጀን ተነሥቶ ወደ አባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ግን የሙቀት ጌጁ ቀይ መስመር ይነካል፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲቆምም ራዲያተሩ ይፈላል። መጀመሪያ የታየበት ጋራዥ መልሱ አጭር ነበር፦ «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ቴስታታ ይውረድ።» ወጪው ሲነገር አንዳንድ የኮሚቴ አባላት መኪናው እንዲሸጥ ሐሳብ አቀረቡ። ጉባኤው ግን ውሳኔውን ለአንድ ሳምንት አዘግይቶ ምርመራው ከቀላሉ እንዲጀመር ጠየቀ። ውጤቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው መኪና ዕድሉ እንደዚህ አልነበረም። ሾፌሩ ለወራት በየማለዳው ከጀሪካን ውኃ እየጨመረ ይነዳ ነበር። ውኃው ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ የተመዘገበ ነገርም የለም። አንድ ቀን በረጅም ዳገት ላይ ጌጁ ከፍ ካለ በኋላ በድንገት ወረደ። ሾፌሩ ሞተሩ የቀዘቀዘ መስሎት ጉዞውን ቀጠለ። በእውነቱ ግን ውኃው አልቆ ስለ ነበር የጌጁ ሴንሰር የሚለካው ፈሳሽ አልቀረለትም። ቴስታታው ተሰነጠቀ። ለአጥቢያው ትምህርት ቤት ጣራ ቆርቆሮ የተዋጣው ገንዘብም ለሞተር ጥገና ዋለ።

ሾፌሩን መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን «በሳምንት ስንት ሊትር ውኃ ጨመርህ?» ብሎ የሚጠይቅ አካል ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ቱቦ መለወጥ ሊያልቅ ይችል ነበር። የሞተር ማቀዝቀዣ ዝግ ሥርዓት ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ለወራት ውኃ አይጠይቅም። ውኃ የሚጎድል ከሆነ ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይ በእንፋሎት ይወጣል፣ ወይ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። አራተኛ መንገድ የለውም።

ሙቀቱ በምን መንገድ ይወጣል?

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ጎማ ለማዞር የሚውለው ከፊሉ ብቻ ነው። በግምት አንድ ሦስተኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ደግሞ በማቀዝቀዣው ፈሳሽ አማካይነት መወገድ አለበት። የውኃ ፓምፑ ፈሳሹን በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው ውስጥ ያዞረዋል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን ቴርሞስታት የተባለው በር ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። ሞተሩ ሲሞቅ፣ እንደ መኪናው ዓይነት ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል፣ መከፈት ይጀምራል። የጋለው ፈሳሽ ወደ ራዲያተር ይገባል፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ በፋን የሚሳበው አየር ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያም ወደ ሞተር ይመለሳል።

እንግዲህ ሞተር የሚግለው ከአራት ነገሮች አንዱ ሲጓደል ነው። እነዚህም የፈሳሹ መጠን፣ የፈሳሹ ዝውውር፣ በራዲያተር በኩል የሚያልፈው አየርና በሥርዓቱ ውስጥ ያለው ግፊት ናቸው። ብዙ በሠራ መኪና ደግሞ አንድ ትልቅ ብልሽት ከመገኘቱ ይልቅ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ድካሞች ተደምረው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ራዲያተሩ በከፊል ተደፍኗል፣ ቺንጋው ላልቷል፣ ክዳኑ ግፊት አይይዝም። እያንዳንዱ ለብቻው በሜዳ መንገድ አይታወቅም፤ ጭነትና ዳገት ሲጨመሩበት ግን ሁሉም በአንድነት ይገለጣሉ።

የደጋው አየርና የራዲያተር ክዳን

በአገራችን ለደጋ ነዋሪ የተለየ ትኩረት የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ነጥብ በአንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በደብረ ብርሃን ወደ 90 ይጠጋል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ይህም ማለት ግፊት የሚይዝ ክዳን ባይኖር ኖሮ በደጋው አገራችን ጤነኛ ሞተር እንኳ ሊፈላ ይችል ነበር ማለት ነው።

የራዲያተር ክዳን ተራ መክደኛ አይደለም። በውስጡ ባለው ስፕሪንግና ጎማ አማካይነት በሥርዓቱ ውስጥ ግፊት ይይዛል። ክዳኑ 0.9 ባር የሚይዝ ከሆነ በአዲስ አበባ ከፍታ የውኃው መፍያ ከ92 ወደ 115 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ይላል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ግን ይህን ጥበቃ ያሳጣል።

የመጀመሪያው መኪና ችግር በከፊል እዚህ ላይ ነበር። በአባይ ድልድይ አካባቢ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው። መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ጎሃ ጽዮን ሲደርስ መፍያው ወደ 92 ወርዷል፤ ሞተሩ ግን በጉዞው ሁሉ ከደረሰበት ሙቀት ከፍተኛው ላይ ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ የሚፈላውም ስለዚህ ነበር።

የሚግልበት ጊዜ ምን ይናገራል?

ሐኪም በሽተኛውን «መቼ ያምሃል?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ የመኪና ምርመራም በጥያቄ ይጀምራል። መልሱን የሚያውቀው ሾፌሩ ስለሆነ አስቀድሞ ይደመጥ።

ቆሞ ሲሠራ ወይም በዝግታ ሲሄድ የሚግል፣ ፍጥነት ሲጨምር ግን የሚቀዘቅዝ መኪና አየር አጥሮታል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋኑ ነው። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ስለሚተካ ችግሩ ይሸሸጋል።

በተቃራኒው በሜዳ መንገድ በፍጥነት ሲሄድ የሚግል ከሆነ የዝውውር ችግር አለበት። ራዲያተሩ ከውስጥ በደለል ተደፍኖ፣ የፓምፑ መዘውር ተበልቶ ወይም የታችኛው ቱቦ ወደ ውስጥ እየተሳበ ሊሆን ይችላል።

በጭነትና በረጅም ዳገት ብቻ የሚግል ከሆነ የሁሉም ክፍሎች አቅም ጥቂት በጥቂት ቀንሷል ማለት ነው። ክዳኑ፣ ፋኑና ራዲያተሩ በአንድነት ይታዩ።

ከቀዝቃዛ ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚግል ከሆነ ወይ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይ ፈሳሹ ጎድሏል፣ ወይ አየር በመስመሩ ውስጥ ታስሯል፣ ወይም የቃጠሎ ጋዝ ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል። የጓርኒሲዮን ጥርጣሬ ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው ምንም ከማያስወጣው ተነሥቶ ብዙ ወደሚያስወጣው ይሂድ። ይህ ሥርዓት ገንዘብ ከመቆጠቡም በላይ ጤነኛ ሞተር ያለ ምክንያት እንዳይፈታ ያደርጋል።

አንደኛ፣ ፈሳሹ ይታይ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ መጠኑና መልኩ ይመርመር። ዝገት የመሰለ ቡናማ ፈሳሽ የውስጡን መበላት ያመለክታል፤ ዘይት ከታየበት ጉዳዩ ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ ክዳኑ ይመርመር። ጎማው ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም ጠርዙ ከተበላ ይለወጥ። የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ክዳኑን ለብቻው ሊለካው ይችላል። ሲለወጥም በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር አምራቹ ካዘዘው ጋር አንድ ይሁን። ከፍ ያለ ግፊት የሚይዝ ክዳን መግጠም ያረጁ ቱቦዎችንና ራዲያተሩን ያፈነዳል።

ሦስተኛ፣ ፍሳሽ ይፈለግ። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ በእጅ ይጨመቁ፤ የደረቀ፣ ያበጠ ወይም እንደ ሊጥ የለሰለሰ ቱቦ ዕድሜው አልቋል። በመገጣጠሚያዎች ላይ ነጭ ወይም ቀይ የደረቀ ምልክት ካለ ፈሳሽ በዚያ እየወጣ ነው። ከውኃ ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በእርሷ ውኃ ከወጣ የፓምፑ መዝጊያ አልቋል። የፓምፑን ዘንግ ይዞ ሲነቀነቅ ልል ከሆነም ኩሽኔታው ደክሟል። መኪናው ውስጥ የእግር ምንጣፍ ከረጠበ የፍሳሹ ቦታ የማሞቂያው ራዲያተር ነው።

አራተኛ፣ ቺንጋው ይታይ። በሁለት ፑሌዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር ብሎ ሲጫን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ፓምፑና ፋኑም በሙሉ ፍጥነት አይዞሩም።

አምስተኛ፣ የራዲያተሩ ውጫዊ ገጽ ይታይ። በአዝመራ ወራት በገጠር መንገድ የሚሄድ መኪና ገለባ፣ አቧራና ነፍሳት በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይሰበስባል። አየር ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ደግሞ ቆሻሻው የሚከማቸው በሁለቱ ራዲያተሮች መካከል ስለሆነ ከፊት ለሚያይ ሰው አይታይም። እጥበቱ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት ውኃ ይሁን። ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን አጥፎ አየሩን ይዘጋል።

ስድስተኛ፣ ፋኑ ይፈተን። በቺንጋ የሚዞር ፋን ብዙውን ጊዜ በሲልከን ዘይት የሚሠራ ክላች አለው። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ሲዞር መጠነኛ እምቢታ ማሳየት አለበት፤ በነፃነት ብዙ ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ ክላቹ ደክሟል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፋን ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ መነሣቱ ይረጋገጥ፤ ካልተነሣ ፊውዙ፣ ሪሌውና ሴንሰሩ ይታዩ። በዙሪያው ያለው የፕላስቲክ መከለያ ተሰብሮ ከወደቀም ይተካ፤ ያለ እርሱ ፋኑ አየሩን ከመላው ራዲያተር ሊስብ አይችልም።

ሰባተኛ፣ ቴርሞስታቱ ይፈተን። ከሞተሩ ተፈትቶ በክር ታስሮ በውኃ ድስት ውስጥ ይንጠልጠል፤ ውኃው ከቴርሞሜትር ጋር ይሞቅ። በላዩ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። እዚህም የደጋው አየር አንድ ማሳሰቢያ ይጠይቃል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከመነሻው ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ሲል ነው፤ በእኛ ከፍታ ግን የድስቱ ውኃ ከ92 ዲግሪ በላይ አይወጣም። ስለዚህ «ሙሉ አልተከፈተም» ተብሎ ጤነኛው ቴርሞስታት እንዳይጣል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ ያለ እርሱ መንዳት በየቦታው የሚሰጥ ምክር ቢሆንም መልካም አይደለም። ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በራዲያተሩ ሳያልፍ የሚመለሰውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እርሱ ሲወጣ ግን አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከጋለው ፈሳሽ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተር ይመለሳል። መፍትሔ የተባለው ነገር በሽታውን ያብሳል።

ስምንተኛ፣ የራዲያተሩ ውስጥ ይመርመር። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የሙቀት መለኪያ በራዲያተሩ ገጽ ላይ ሲዘዋወር በአንድ በኩል ቀዝቃዛ ቦታ ከተገኘ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል። በኬሚካል ማጠብ የሚረዳው ደለሉ ጥቂት ሲሆን ነው። ከዚያ ያለፈው በባለሙያ ተፈትቶ ይጸዳል ወይም ይለወጣል። አዲስ በሚገዛበት ጊዜ የቱቦዎቹ ረድፍ ቁጥር ከቀድሞው እንዳያንስ ይጠንቀቁ።

እነዚህ ሁሉ ጤነኛ ሆነው ከተገኙ ሌሎች ምክንያቶች ይታያሉ፤ እነርሱም ሳይለቅ የሚይዝ ፍሬን፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ የተዛባ የናፍጣ ፓምፕ አሰካክ ወይም ከልክ ያለፈ ጭነት ናቸው። ጌጁ ራሱ ተበላሽቶ እንደ ሆነም በሌላ መለኪያ ይረጋገጥ።

ጓርኒሲዮንና ቴስታታ፦ ፍርዱ በማስረጃ ይሁን

ጓርኒሲዮን በሲሊንደር ብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባ መዝጊያ ነው። ሲቃጠል የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውኃው፣ ውኃውም ወደ ሲሊንደር ወይም ወደ ዘይት ሊገባ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጓርኒሲዮን የመጋል ምክንያት ከመሆኑ በፊት የመጋል ውጤት ነው። ዋናው ምክንያት ሳይገኝ ጓርኒሲዮኑ ብቻ ቢለወጥ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይቃጠላል፤ ጉባኤውም ለአንድ በሽታ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ስለዚህ «ቴስታታ ይውረድ» የሚል አስተያየት ሲቀርብ ማስረጃው ይጠየቅ። ከቀዝቃዛ በተነሣ ሞተር ላይ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሳለ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣልን? ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ይጠነክራልን? የዘይት መለኪያው ዘንግ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ነገር ያሳያልን? ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ እንፋሎት ከጭስ ማውጫው ይወጣልን? ውጭ ምንም ፍሳሽ ሳይታይ ውኃው ይጎድላልን? የቃጠሎ ጋዝ ሲያገኘው ቀለሙን የሚለውጥ የመመርመሪያ ፈሳሽም ስላለ ጋራዡ በዚያ ያረጋግጥ።

ማስረጃው ከተሟላና ቴስታታው ከወረደ ሥራው በግማሽ አይቅር። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ መጣመሙ በቀጥ ማስመሪያ ይለካ፣ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩም በግፊት ይፈተን። ዝንፉ ከአምራቹ ልክ ካለፈ ይላግ፤ ከሚፈቀደው በላይ የሚላግ ከሆነ ግን ይለወጥ። ቡሎኖቹም አምራቹ ባዘዘው ቅደም ተከተልና የመጥበቂያ ኃይል፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ እንጂ በክንድ ግምት አይሁን።

አሁን ወደ መጀመሪያው መኪና እንመለስ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም አልተገኘበትም። አረፋ የለም፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ በከተማ አገልግሎትም ውኃ አይጎድልም። የተገኘው ሌላ ነበር፦ የደረቀ የክዳን ጎማ፣ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀ ገለባና በነፃነት የሚሽከረከር ፋን። ክዳኑና የፋኑ ክላች ተለወጡ፤ ራዲያተሩ ታጠበ። መኪናው ሳይሸጥ፣ ቴስታታውም ሳይወርድ ያንኑ ዳገት ጭነቱን ይዞ ወጣ።

መንገድ ላይ ሲግል

ሾፌሮች የሚከተለውን በቃል እንዲይዙት እንመክራለን። ጌጁ ከተለመደው ቦታ ማለፍ እንደ ጀመረ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ የመኪናውን ማሞቂያ በሙሉ መክፈት ከሞተሩ ሙቀት ጥቂት ይቀንሳል። ማርሽ ቀንሶ ጭነቱን ማቅለል ይገባል። ጌጁ ቀይ ከነካ ወይም እንፋሎት ከታየ አስተማማኝ ቦታ ላይ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። «እስከሚቀጥለው ከተማ» የሚባለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሞተሩን የሚያሳጣ ነው።

ክዳኑ በጋለ ሞተር ላይ ፈጽሞ አይከፈት። በግፊት የታመቀው ውኃ ክዳኑ እንደ ላላ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይወረወራል፤ ፊትንና እጅንም ክፉኛ ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይጠበቅ። ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ተይዞ በጥቂቱ እየተዞረ ይከፈት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር ቴስታታን ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ቀስ በቀስ ይጨመር።

ስለሚሞላው ፈሳሽ

የወንዝና የጉድጓድ ውኃ በውስጡ የተሟሟ ማዕድን ስላለው በጀበና ውስጥ እንደሚታየው ዓይነት ቅርፊት በራዲያተሩ ቱቦዎች ላይ ያጋግራል። ለመንገድ ችግር ካልሆነ በቀር አይመከርም። ትክክለኛው የራዲያተር ፈሳሽ፣ ማለትም ኩላንት፣ ከተጣራ ውኃ ጋር አምራቹ ባዘዘው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ነው። ውርጭ በማይፈራበት ቆላ እንኳ ዝገትን ስለሚከላከልና የመፍያውን ነጥብ ከፍ ስለሚያደርግ ያስፈልጋል። የተጣራ ውኃ ሲገዛ ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ ይደረግ።

አሮጌው ፈሳሽ መርዝ ነው። ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ሕፃናትና እንስሳት ሊቀምሱት ይችላሉ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በጠበል መውረጃ ወይም በምንጭ አጠገብ ፈጽሞ አይደፋ፤ በዕቃ ተይዞ ወደ ጋራዥ ይወሰድ።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉባኤው ሊያደርጋቸው የሚገቡትን አራት ነገሮች እናስታውሳለን።

የመጀመሪያው መዝገብ ነው። በመኪናው ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ሾፌሩ ቀኑን፣ የኪሎ ሜትር ቁጥሩን፣ የጨመረውን ውኃና ዘይት መጠን፣ ጌጁ ከፍ ያለበትንም ቦታ ይጻፍ። የንብረት ክፍሉ በየወሩ ይመልከተው። በወር ሁለት ጊዜ ውኃ የተጨመረለት መኪና ወደ ምርመራ ይላክ።

ሁለተኛው አስቀድሞ መለወጥ ነው። ብዙ በሠራ መኪና ቱቦዎች፣ ቺንጋ፣ ክዳንና ቴርሞስታት እስኪበላሹ አይጠበቁም፤ በአንድነት በዕቅድ ይለወጣሉ። ፈሳሹም በአምራቹ የጊዜ ገደብ ይቀየር። ለዚህ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ በዓመታዊ በጀት ይያዝ።

ሦስተኛው ፍርሃትን ማራቅ ነው። ሾፌሩ «መኪናው ጋለብኝ» ብሎ በመናገሩ የሚወቀስ ከሆነ ዝም ማለትን ይማራል። ቀድሞ የተናገረ ሾፌር የአጥቢያውን ንብረት ያዳነ ነውና ይመስገን።

አራተኛው ማስረጃ ያለው ውሳኔ ነው። ከፍተኛ ወጪ ከመጽደቁ በፊት የምርመራው ውጤት በጽሑፍ ይቅረብ፤ የተለወጠው አሮጌ ዕቃም ከደረሰኙ ጋር ለጉባኤው ይታይ። ውሳኔውና ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ከእነርሱ በኋላ የሚመረጡት አባላት የመኪናውን ታሪክ ያውቁታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ወይም በወረዳችን ያለው መኪና ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ውኃ ተጨመረለት? ይህን ከየት እናውቃለን?
2. የራዲያተሩ ክዳን መቼ ተለወጠ? በላዩ የተጻፈው ቁጥርስ ከአምራቹ ትእዛዝ ጋር ይስማማልን?
3. ሾፌራችን መኪናው ቢግልበት ወዲያው ለማን ያስታውቃል? መቆም ግዴታው እንደ ሆነስ ተነግሮታልን?
4. ለመጨረሻ ጊዜ ለጥገና ከፍተኛ ወጪ ስናጸድቅ የትኛውን ማስረጃ ተመልክተን ነበር?

ማጠቃለያ

ለልማት አገልግሎት የተሰጠን መኪና የምእመናን አሥራትና በጎ ፈቃድ የተጠራቀመበት ንብረት ነው። በአንድ ቀን ቸልተኝነት የሚሰነጠቀው ቴስታታ በአንድ አጥቢያ የትምህርት ቤት ጣራ፣ በሌላው የውኃ ጉድጓድ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያድነውም ውድ ዕቃ ሳይሆን ማለዳ ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያይ ዓይን፣ በደብተር ላይ የሚጽፍ እጅና «ውኃው ወዴት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ጉባኤ ነው። የተቀበልነውን በታማኝነት እንድንጠብቅ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር